ዕጣው ሳይወጣ ያደላ ጥናት፦ ለጤና ምርምር ገምጋሚዎችና ለተመራማሪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በክልሉ ለሚገኙ የጤና ምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴዎች
የመድኃኒት ሙከራ ዕቅድ ለምታወጡ ተመራማሪዎች
ባሕር ዳር

ጉዳዩ፦ በጣና ዙሪያ የሚካሄዱ የመድኃኒት ሙከራዎች ሲነደፉ የሚፈጠረውን አድልዎ ይመለከታል

የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላትና ተመራማሪዎች፣

እኛ በባሕር ዳር ከተማና በሐይቁ ዳር ባሉ ወረዳዎች የምንሠራ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነን። ጥናት ሲመጣ ቤት ለቤት የምንዞረው እኛ ነን። ፎርም እንሞላለን፤ ደምና ሰገራ እንሰበስባለን። ተሳታፊ ሲቀር ደውለን የምንፈልገውም እኛው ነን። እናንተ ጠረጴዛ ላይ የምታዩት ቁጥር መጀመሪያ በእጃችን ያልፋል።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ውሳኔ ነው። በቅርቡ በሐይቁ ዙሪያ ሊካሄድ ለታቀደ የቢልሃርዚያ ሙከራ ሥልጠና ተጠራን። ሙከራው ፕራዚኳንቴል የተባለውን የቢልሃርዚያ መድኃኒት አንዴ መስጠትንና በሳምንታት ልዩነት ሁለቴ መስጠትን የሚያነጻጽር ነው። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። የመግቢያ መስፈርቱ ላይ ስንደርስ ግን ደነገጥን። በጀልባ ብቻ የሚደረስባቸው ቀበሌዎች በሙሉ ወጥተዋል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች አይገቡም። የራሱ ስልክ የሌለው ሰው አይገባም። ለምን ብለን ጠየቅን። የተሰጠን መልስ «ፕሮቶኮሉ ጸድቋል፤ አሁን የሚነካ ነገር የለም» የሚል ነበር።

ያጸደቀው ከመካከላችሁ አንዱ ኮሚቴ ነው። ስለዚህ አቤቱታችንን ለእናንተ እናቀርባለን።

ከግምገማ ተመልሰው የሚመጡ አስተያየቶችን የማየት ዕድል አለን። አብዛኞቹ ስለ ስምምነት ፎርሙ ናቸው። የፊርማ ቦታው፣ የስልክ ቁጥሩ፣ የምስጢር አጠባበቁ። እነዚህ አስፈላጊ ናቸው። ግን ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን የትኛውን ሕክምና እንደሚያገኝ የሚለየውን ዕጣ ማን ያወጣል፣ ውጤቱን ማን ያነባል የሚሉት ጥያቄዎች ሲነሱ እምብዛም አላየንም። ጥናት የሚያዳላው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ዕቅዱ አንዴ ካደላ እኛ ሜዳ ላይ የፈለግነውን ያህል ብንጠነቀቅ አናቃናውም፤ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የስታቲስቲክስ ባለሙያም አያቃናውም።

በጀልባ የሚደረስባቸውን ቀበሌዎች እንውሰድ። ቢልሃርዚያ የውሃ በሽታ ነው። ጥገኛው ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል፤ ከዚያ ይወጣና ውሃ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ጣና ላይ ውሃ የሚገባው ማን ነው? መረብ የሚጥለው ዓሣ አጥማጅ ነው። ደንገል የሚያጭደውና ታንኳ የሚሠራው የነገደ ወይጦ ሰው ነው። የደቅ ደሴት ገበሬ ነው። ልብስ የምታጥበው እናትና ከትምህርት ቤት መልስ የሚዋኘው ልጅ ናቸው። እነዚህን ትቶ አስፋልት ዳር ያለውን ሰው ብቻ የሚመዘግብ የቢልሃርዚያ ጥናት በሽታው ያለበትን ቦታ ጥሎ ሄዷል።

ጉዳቱ ግን ከዚህም ይከፋል። ፕራዚኳንቴል ያደገውን ትል ይገድላል፤ ገና ለጋ የሆነውን እምብዛም አይነካውም። በየቀኑ ውሃ የሚገባ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያደገም ለጋም ትል አለ። መድኃኒቱን ዛሬ ቢወስድ ለጋው ይተርፋል፤ ከሳምንታት በኋላ አድጎ እንቁላል መጣል ይጀምራል። ሁለተኛው መድኃኒት የሚጠቅመው ለዚህ ሰው ነው። ውሃ ከስንት አንዴ ለሚነካው የከተማ ዳር ነዋሪ አንዱ ሊበቃው ይችላል። ስለዚህ ሙከራው ሲያልቅ «በአንዴና በሁለቴ መካከል ልዩነት አላገኘንም» ቢል አንገረምም። ልዩነቱ የሚታይባቸው ሰዎች ገና ከበሩ ተመልሰዋልና። ከዚያ ውጤቱ መመሪያ ይሆናል። መመሪያው ወደ ደቅም ይሄዳል፤ ጥናቱ ግን አልሄደም።

የተሰጠን ምክንያት የጀልባ ኪራይና የነዳጅ ወጪ ነው። ወጪው እንዳለ እናውቃለን፤ በጀልባ የምንሄደውም እኛ ነን። ነገር ግን በጀቱ ላይ ለመኪና ነዳጅ መስመር አለ፤ ለመክፈቻ ስብሰባው ምሳ መስመር አለ። ጀልባው የተረሳው ዕቅዱን ያወጣው ሰው ሐይቁን ስላላሰበው ነው።

ስልክም እንደዚያው ነው። ገጠር ውስጥ ስልክ በቤት አንድ ነው፤ የሚይዘውም ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። «የራሱ ስልክ ያለው» የሚለው መስፈርት ድሃውን፣ ሴቷንና አዛውንቱን ሳይናገር ያስወጣል። የቤት አመራረጡም ከቀበሌ የቤት ቁጥር ዝርዝር ላይ ነው። ቁጥር የሌለው ቤት፣ ተከራይና ዘመድ ተጠግቶ የሚኖር ሰው ዝርዝሩ ላይ የለም። የጎጥ መሪውንና የጤና ኬላ ሠራተኛዋን ብትጠይቁ ግን በአንድ ቀን ይነግሯችኋል።

የሴቶቹ ነገር ልባችንን ያቆስለናል። የጣና ዳር ሴት በቀን ውስጥ ውሃ ሳትነካ አትውልም። ያስወጧት «ልታረግዝ ትችላለች» ተብሎ ነው። ይህ አሠራር ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1977 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ማርገዝ የሚችሉ ሴቶች ከመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች እንዲወጡ የሚል መመሪያ አወጣ። እስኪሻር ድረስ እስከ 1993 ቆየ። ሴቶቹ ባይሞከሩበትም መድኃኒቱን መውሰዳቸው አልቀረም። ዞልፒደም የተባለው የእንቅልፍ መድኃኒት ለሴትም ለወንድም በአንድ መጠን ሲታዘዝ ኖሮ፣ በ2013 የሴቶቹ መጠን በግማሽ እንዲቀነስ ተደረገ። የሴቶች ሰውነት መድኃኒቱን የሚያስወግደው ቀስ ብሎ ስለሆነ፣ ጠዋት ሲነሱም ደማቸው ውስጥ ይቆይ ነበር።

ወደ እኛ ሀገር በሽታዎች እንምጣ። ኮአርተም የተባለው የወባ መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት እንዲሰጥ የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከዚያ በፊት ወባ የያዛት የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ስትመጣ ኩዊኒን የተባለውን የቆየ መድኃኒት እንሰጣት ነበር። ለሌላው ሰው የተሻለው መድኃኒት እያለ ማለት ነው። ፕራዚኳንቴልም ቢሆን ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች እንዲያገኙት የተመከረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ መድኃኒቱ ግን ከዚያ በፊት 20 ዓመት ያህል አገልግሎት ላይ ነበር። ማንም ክፉ አስቦ አልነበረም። ሴቶቹ ከጥናት ስለወጡ መረጃ አልነበረም፤ መረጃ ስለሌለ መድኃኒቱን ተከለከሉ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የቢልሃርዚያ መመሪያ ከመጀመሪያው ሦስት ወር በኋላ ያለች ነፍሰ ጡር መድኃኒቱን ልታገኝ እንደምትችል ተጽፎ ሳለ፣ እኛ ጋ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያለች ሴት ሁሉ ያለ ልዩነት ከሙከራ ትወጣለች። የእርግዝና ምርመራ እኮ አለ፤ በየጤና ጣቢያው እንሠራዋለን።

ሕፃናቱም ተመሳሳይ ዕዳ ከፍለዋል። ለትንንሽ ልጆች የሚሆን የፕራዚኳንቴል ዓይነት በአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ ድጋፍ ያገኘው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 ነው። እስከዚያ ትልቁንና መራራውን ክኒን እየሰበርንና እየፈጨን ስንሰጥ ኖረናል፤ ልጁም ይተፋዋል።

«በሌላ ሀገር ተጠንቷል፤ ይበቃል» የሚል ክርክርም እንሰማለን። ለዚህ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው የካላዛር በሽታ መልስ አለው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከምና ፎገራ ላይ የተነሳውን ወረርሽኝ ከመካከላችን የሚያስታውሱ አሉ። አምቢሶም የሚባለው መድኃኒት ህንድ ውስጥ አንዴ በ10 ሚሊግራም በኪሎ ሲሰጥ ከመቶ ዘጠና አምስት በላይ ሕሙማንን አድኗል፤ ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ያው መጠን ጎንደርና አርባ ምንጭን ጨምሮ በኢትዮጵያና በሱዳን ሲሞከር በስድስተኛው ወር የዳኑት 58 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተደጋጋሚ የተሰጣቸው ግን 85 በመቶ ድነዋል። የህንዱ ውጤት እንዳለ ቢገለበጥ ኖሮ ስንት የመተማና የሁመራ ሰሊጥ አጫጅ በየቤቱ ይቀር እንደነበር አስቡት። የሰውነት አሠራርም ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶዎቹ አንዳንድ መድኃኒቶችን በጣም አፍጥኖ የሚለውጥ ጂን ተደራቢ ቅጂ እንዳላቸው አሳይቷል። እንዲህ ዓይነት ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ቢወስድ ሰውነቱ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል። ሙከራ እዚህ ይሠራ ስንል ለክብር ብለን አይደለም። እዚህ ሲሠራ ደግሞ እዚህ ያሉትን ሰዎች ሁሉ ይያዝ።

አሁን ወደ ዕጣው። ዕጣ ለእኛ ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። ዕቁብ ላይ ዕጣው በሁሉ ፊት ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ማንም አያውቀውም፤ ጸሐፊው አስቀድሞ ቢያየው ዕቁቡ ይፈርሳል። ሙከራም ላይ ሕጉ ያው ነው። ተሳታፊው ከመመዝገቡ በፊት ቀጣዩ ምድብ ምን እንደሆነ መዝጋቢው ማወቅ የለበትም።

ከዚህ ቀደም በአንድ ጤና ጣቢያ በተሠራ ሌላ ጥናት ላይ ያየነውን እንንገራችሁ። የምደባ ፖስታዎቹ ነጭና ስስ ነበሩ። ወደ መስኮቱ ከፍ ሲደረጉ ውስጥ ያለው ፊደል ይነበባል። አንዲት እናት የከሳ ልጅ አዝላ ትመጣለች። መዝጋቢዋ ልጁን ታያለች፤ ፖስታውን ታያለች። ቀጣዩ ነባሩ መድኃኒት ከሆነ «ነገ ጠዋት ተመለሺ» ትላታለች፤ አዲሱ እንዲደርሰው ብላ። ያደረገችው ከርኅራኄ ነው። ነገር ግን በጣም የታመሙት ልጆች አንድ ወገን ተከማቹ፤ ንጽጽሩም ተበላሸ። ጥፋቱ የሷ አይደለም። ብርሃን የማያሳልፍ ፖስታ ያልገዛው፣ ዕጣውን ከጤና ጣቢያው ውጭ በስልክ ያላደረገው ዕቅድ ነው ጥፋቱ።

ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ፣ 250 ሙከራዎችን የመረመረ ጥናት አለ። ምደባቸውን በአግባቡ ያልደበቁ ሙከራዎች የመድኃኒቱን ጥቅም በአማካይ 41 በመቶ ያህል አጋንነው ተገኝተዋል። መፍትሔውም አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 ውጤቱ የታተመው የእንግሊዙ የስትሬፕቶማይሲን ሙከራ 107 የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማንን የያዘ ነበር። ምደባው በታሸገ ፖስታ ተደብቆ ነበር፤ ራጁን ያነበቡት ሐኪሞችም ማን መድኃኒቱን እንዳገኘ አያውቁም ነበር።

ከራጁ ወደ ማይክሮስኮፑ። የላቦራቶሪ ባልደረቦቻችን ይህን በተለይ ጻፉልን ብለዋል። የትል እንቁላል በሚቆጠርበት በካቶ ካትዝ ዘዴ የሚታየው ሰገራ 41.7 ሚሊግራም ነው። አንድ እንቁላል ከታየ በ24 ተባዝቶ «በአንድ ግራም 24 እንቁላል» ተብሎ ይመዘገባል። ካልታየ ዜሮ ይጻፋል፤ ሰውየው ድኗል ማለት ነው። በዜሮና በ24 መካከል ያለው አንዲት እንቁላል ናት። እንግዲህ ስላይዱ ጫፍ ላይ የቡድኑ ምልክት በቀይ ማርከር ተጽፎ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ዓይን ደክሟል፤ የቀረው ስላይድ ብዙ ነው። ሁለት ጊዜ የወሰደው ቡድን ስላይድ ሲሆን አንባቢው ቶሎ ያልፋል፤ አንዴ የወሰደው ሲሆን ደግሞ «ይኖራል» ብሎ ይፈልጋል። ማንም አስቦበት አያደርገውም። ሰው የሚጠብቀውን ያያል። ቀይ ማርከሩን አንስቶ በኮድ ቁጥር መተካት ወጪ የለውም። እንቁላል የሚወጣበት መጠንም ከቀን ቀን ስለሚለዋወጥ ከአንድ ሰው ሁለት ሦስት ቀን ናሙና መውሰድ ያስፈልጋል። አዲሱ ፕሮቶኮል ላይ ግን አንድ ናሙና ብቻ ነው ያለው።

ስለ ጊዜም አንድ ነገር እንበል። የጥናት የጊዜ ሰሌዳ ሲወጣ ማንም የእኛን ቀን መቁጠሪያ አያይም። ኮአርተም ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ቄሱ ለታመመ ቢፈቅዱም የማይገድፍ ብዙ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም፤ ወተት አይታሰብም። በረመዳንም ጾመኛው ከንጋት እስከ ፀሐይ መግቢያ እህል አይቀምስም። በአንድ የወባ ጥናት ላይ ግን ግማሹ ተሳታፊ በጾም፣ ግማሹ በፍስክ ተመዘገበ፤ ፎርሙ ላይ «ምን በልተው ወሰዱ?» የሚል መስመር አልነበረም። መድኃኒቱ ደከመ ወይስ ባዶ ሆድ ተወሰደ? ከዚያ ፎርም ላይ ማወቅ አይቻልም። መስመሯ ብትኖር፣ ጾመኛውም ለውዝ ወይም የኑግ ልጥልጥ ተሰጥቶት ቢሆን ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

የቀሩ ተሳታፊዎችም እንዲሁ ናቸው። ሰው የሚቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። መድኃኒቱ ስላሳመመው ይቀራል። ስላልተሻለው ጸበል ይሄዳል። ስለተሻለው ሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል። ፎርሙ ላይ ግን ሁሉም «አልተገኘም» ተብለው ከስሌቱ ይወጣሉ፤ የሚቆጠሩት ቤታቸው የተገኙት ብቻ ናቸው። በዕጣ የተመደበ ሰው በተመደበበት ቡድን እስከ መጨረሻው መቆጠር አለበት፤ ለምን እንደቀረም መጻፍ አለበት። እኛ ጎረቤት ጠይቀን ማወቅ እንችላለን፤ የሚጠይቀን ፎርም ግን የለም።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

ከሁሉ በፊት የቢልሃርዚያው ሙከራ አንድም ተሳታፊ ሳይመዘግብ መስፈርቱ እንደገና ይታይ። የጸደቀ ፕሮቶኮል በማሻሻያ ሊለወጥ እንደሚችል እናንተም እኛም እናውቃለን። በጀልባ የሚደረስባቸው ቀበሌዎች ይግቡ፤ የጀልባ በጀት ይያዝ። ሴቶች የእርግዝና ምርመራ እየተደረገላቸው ይግቡ። የስልኩ መስፈርት ይነሳ፤ በምትኩ የጎጥ መሪ ወይም የጤና ኬላ አድራሻ ይበቃል።

ወደፊት ለሚመጣ ማንኛውም ሙከራ ደግሞ፣ አንድ ቡድን ሲወጣ የሕክምና ወይም የሳይንስ ምክንያቱ በጽሑፍ ይቅረብ። «ሩቅ ነው» እና «ለክትትል ያስቸግራል» ምክንያት ሆነው እንዳይጸድቁ እንጠይቃለን። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር የሥነ ምግባር መመሪያ የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ ራሱ በምርምር እምብዛም ያልተካተቱ ቡድኖች የመሳተፍ ዕድል እንዲያገኙ ይላል።

የግምገማ ቅጻችሁ ላይ ዕጣውን ማን እንደሚያወጣ፣ ምደባው እንዴት እንደሚደበቅ፣ ውጤቱን የሚያነበው ሰው ቡድኑን ያውቅ እንደሆነ፣ የቀሩት እንዴት እንደሚቆጠሩ የሚጠይቁ መስመሮች ይጨመሩ። መልስ ያልተሰጠበት ዕቅድ ይመለስ።

ሙከራው የመጀመሪያው ሰው ሳይመዘገብ በፓን አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብ ላይ ዋናው መለኪያው ተጠቅሶ ይስፈር፤ መሃል ላይ መለኪያ እንዳይቀየር። ውጤቱ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ደም ለሰጠው ቀበሌ ተመልሶ ይነገር።

በግምገማው ላይ ቢያንስ አንድ የመስክ ሠራተኛና አንድ የሐይቁ ዳር ነዋሪ ይቀመጥ። ዓሣ አጥማጅ ቢሆን፣ እናት ብትሆን እንመርጣለን። ስለ ጀልባውም ስለ ጾሙም እነሱ በመጀመሪያው ስብሰባ ይነግሯችሁ ነበር።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለውይይት ብትጠሩን በማንኛውም የሥራ ቀን እንመጣለን። መስፈርቱ እስኪታይ ድረስ ለዚህ ሙከራ ተሳታፊ የመመዝገቡን ሥራ እንዳንጀምር የጠየቅንበትን ማመልከቻም ለአስተባባሪው አስገብተናል።

ከአክብሮት ጋር፣

በባሕር ዳር ከተማና በጣና ዳር ወረዳዎች በጤና ጥናቶች የመስክ ሥራ ላይ የተሰማራን ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች